ለጁምዓ ብዬ መሮጥ የጀመርኩ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ የስኳሬን ውጤት አይቶ «እናቴ፣ በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት በእግርዎ መሄድ አለብዎት» ቢለኝ፣ ልጄ ሜሮን እጄን ይዛ በቀጥታ ጫማ ተራ ወሰደችኝ። ሻጩ ጎንበስ ብሎ የጫማውን አፍንጫ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና «ፊት ለፊት ትንሽ ክፍተት ይተውለት፤ ሲሄዱበት እግር ያብጣል» አለኝ።

«አውቃለሁ፤ ለማራቶን ደግሞ ግማሽ ቁጥር ይጨመራል» አልኩት።

ሜሮን ሳቀች። «እማዬ፣ አንቺ እኮ ታክሲ ሊያመልጥሽ ሲል እንኳ አትሮጪም!»

እውነቷን ነው። ናዝሬት ተወልጄ ያደግኩ፣ ጋሪ ሲኖር በጋሪ፣ ባጃጅ ሲመጣ በባጃጅ የምሄድ ሰው ነኝ። ግን ደግሞ በሃያ አራት ዓመቴ፣ ዶሃ፣ ለማራቶን አራት ወር ሙሉ ተዘጋጅቼ አውቃለሁ። ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ቤት ስንመለስ ቁጭ ብዬ አጫወትኳት፤ እሷ ከሰማች በኋላ ደግሞ ለሌላ ሰውም ቢነገር ምን ይለዋል ብዬ ይኸው ጻፍኩት።

የምሠራው ዶሃ ውስጥ አል ቱማማ የሚባል ሰፈር ነበር። አሁን ትልቅ ስታዲየም ተሠርቶበታል ሲሉ እሰማለሁ። በእኔ ጊዜ ቪላዎች ነበሩ፣ በቪላዎቹ መካከል ባዶ የአሸዋ ሜዳ፣ ከየአጥሩ ጀርባ ደግሞ እንደኔ ያለች አንዲት ሠራተኛ። አሠሪዬ ማዳም ዮርዳኖሳዊት ነበረች፤ ባሏ፣ እኛ ባባ የምንለው፣ መሐንዲስ ነው። የሰባት ዓመቷን ሙናንና የአምስት ዓመቱን ሐመድን የማሳድገው እኔ ነበርኩ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ተሠርቶልኛል፣ ምግብ አልከለከሉኝም፣ እጅ አላነሱብኝም። አንድ ነገር ግን አልነበረኝም፤ የዕረፍት ቀን። ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን የረገጥኩት አንድ ቀን፣ እሱም ለፋሲካ ነው። እዚያ አገር የኛ ሰዎች የሚሰበሰቡት ዓርብ፣ በጁምዓ ቀን ነበር። በየጁምዓው ጠዋት መስኮት እያጸዳሁ፣ አሁን ቅዳሴው የት ደርሶ ይሆን እያልኩ በልቤ እከተለው ነበር።

በዚያ ዓመት ቤቱ ዝም ያለ ቤት ነበር። ማዳም ሦስተኛ ልጇን ሰባት ወር ተሸክማ ሞቶ ወልዳዋለች። ከሆስፒታል ስትመለስ ባባ የሕፃኑን ክፍል ቆለፈው፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። እሷ ግን እንቅልፍ አጣች። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል የእግሯን ኮቴ ከክፍሌ እሰማዋለሁ።

አንድ ቀን ምሳ እያቀረብኩ ሳለ ለባባ አንድ ወረቀት አሳየችው። ከከተማው ወደ ሰሜን፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ፣ የመጫወቻ ፓርክ ባለበት አንድ ሪዞርት ውስጥ፣ በጥር ወር ማራቶን ሊካሄድ ነው። «እሮጣለሁ» አለችው።

«አንቺ?» አላት ባባ፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል። «ከሶፋው እስከ ፍሪጁ ስትሄጂ እንኳ ትንፋሽሽ ይቆራረጣል።»

ማዳም ወረቀቱን ይዛ ተነሳች። ወጥ ቤት ተከትላኝ መጣችና በሩን ገርበብ አደረገችው። «ወይን» አለችኝ፤ ወይንሸት ማለት ስለማይሆንላት። «እናንተ ኢትዮጵያውያን ሁላችሁም ትሮጣላችሁ አይደል?»

እዚህ ላይ ዋሸሁ። «አዎ ማዳም። ከልጅነታችን ጀምሮ።»

«እንግዲያው አብረሽኝ ትሮጫለሽ። ብቻዬን እፈራለሁ። አንቺስ በምላሹ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ብዙ ነገር ማለት ይቻል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ጁምዓ» ነው። «በየሳምንቱ። ከጠዋት እስከ ማታ።»

ለአፍታ አየችኝ። «አብረሽኝ ከጨረስሽ፣ ኢንሻአላህ።» እዚያ ቤት ኢንሻአላህ ሁለት ዓይነት ነበር፤ የሚሆንና የማይሆን። ይህኛው የትኛው እንደሆነ ከፊቷ ላነብ ብሞክር አልቻልኩም።

መስከረም ላይ ጀመርን። የዶሃ መስከረም ጎህ ሲቀድ እንኳ እንደ ሻወር ቤት ነው፤ አየሩ እርጥብ ጨርቅ ሆኖ ፊት ላይ ይለጠፋል። እኛ ከፊት፣ የቤቱ ሾፌር ጋሽ ተፈራ ደግሞ የመኪናውን ፍሬቻ እያበሩ ከኋላችን። ጋሽ ተፈራ ሃምሳ ያለፋቸው የደሴ ሰው ነበሩ፤ ከሌሎች አምስት ሾፌሮች ጋር አንድ ክፍል ተጋርተው ይኖራሉ። በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ማዕዘን ጋ ስንደርስ ጎኔን ወጋኝና የሰው አጥር ተደግፌ ቀረሁ። ማዳም፣ ያቺ ፍሪጅ ጋ አትደርስም የተባለችው፣ አልፋኝ ሄደች።

ጋሽ ተፈራ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «አንቺ ልጅ፣ አገር አሰደብሽ እኮ!» አሉኝ በአማርኛ።

«ጋሼ፣ በእግዜር፣ ሮጬ እንደማላውቅ እንዳይነግሩብኝ።»

«እኔ ምን እነግራለሁ፤ እግርሽ ተናግሮ የለ።»

ማዳም ተመልሳ መጣች። ወገቧን ይዛ ቁልቁል አየችኝና ከዚያ ከመከራው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ። ውሸቴን አውቃለች። «ያላ፣ እንግዲህ አብረን እንማራለን» አለችኝ።

እንዲህ ሆነና ተማርን። መጀመሪያ ከመብራት ምሰሶ እስከ መብራት ምሰሶ፣ ከዚያ ሰፈሩን አንድ ዙር፣ ከዚያ ሁለት። ኅዳር ሲገባ ሙቀቱ ሸሸ፤ ጠዋት ጠዋት ከባሕሩ ቀዝቃዛ ነፋስ መምጣት ጀመረ። ዓርብ ረጅሙን ለመሮጥ ጋሽ ተፈራ ዘ ፐርል ወደሚባለው ሰው ሠራሽ ደሴት ይወስዱናል። ያኔ ግማሹ ገና ክሬን ነበር፤ ባለ ቢጫ ቆብ ሠራተኞች ከአውቶቡስ ሲወርዱ ቆም ብለው ያዩናል። ማዳም በጥቁር ሻሽ፣ እኔ ከአንድ የገበያ አዳራሽ በገዛችልኝ የመሮጫ ጫማ። ስንጨርስ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት መኪናው ድረስ ያመጡልናል። እሷና ጋሽ ተፈራ ከረክ የሚሉትን ወተት የበዛበት ሻይ ሲጠጡ፣ እኔ የገና ጾም ስለነበር ወተት የሌለውን፣ ሱለይማኒ የሚሉትን ቀይ ሻይ በቴምር እጠጣለሁ። «ቅጠል በልተሽ እንዴት ትሮጫለሽ?» እያለች ትጨነቅ ነበር። በኋላ ራሷ የምስር ሾርባ እየሠራች ታቀርብልኝ ጀመር፤ እኔን፣ ሠራተኛዋን፣ ጠረጴዛ ላይ።

ስንሮጥ ብዙ አናወራም። ዓረብኛ አንቱታ የለውም፤ የአንቱታዋን ሥራ የምትሠራው «ማዳም» የምትለዋ ቃል ነበረች። አራተኛው ወር ላይ ያቺኑ ቃል መጥራት እየረሳሁ እንደመጣሁ ትዝ ይለኛል። ትንፋሻችን አንድ ሆኖ ነበር። ማን ማዳም፣ ማን ሠራተኛ እንደሆነች የምናስታውሰው የግቢው በር ሲከፈት ነው። እሷ ወደ ሻወር፣ እኔ ወደ ሰሃን።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ባባ ሻንጣ ሲዘጋጅ አየና ጠየቀ። «ልጆቹን ማን ይይዛል?»

ማዳም «ተፈራ ይይዛቸዋል» አለች።

«ሾፌር ልጅ አይጠብቅም። ወይን የመጣችው ለሹግል፣ ለሥራ ነው፤ ለስፖርት አይደለም። ልጆቹን ፓርክ ውስጥ ታጫውታቸው። ኸላስ፣ አለቀ።»

ማዳምን አየኋት። ወለሉን ታያለች። ጠበቅኳት። ከዚያም ቀስ ብላ «ወይን፣ ልጆቹ...» አለችና ተወችው። «ሃዲር ማዳም» አልኩ፤ እሺ ማለት ነው። ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ድስት እንደገና አጠብኩ። ያንን ያህል ያቃጠለኝ ሩጫው አልነበረም፤ ጁምዓዬ ሲሄድ ታይቶኝ ነው። አብረሽኝ ከጨረስሽ ነበር ቃሉ።

የውድድሩ ቀን ከባሕሩ ላይ ጉም ተነስቶ ነበር። የሩጫው መንገድ ሪዞርቱን አምስት ጊዜ የሚዞር ነው፤ መጀመሪያ በመጫወቻ ፓርኩ መሐል፣ ከዚያ በሆቴሎቹ በኩል፣ ከዚያም በባሕሩ ዳር። እኔ ሮዝ የሥራ ልብሴንና ጥቁር ጠፍጣፋ ጫማዬን አድርጌ ሙናንና ሐመድን ይዤ የሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች አጠገብ ቆምኩ። ማዳም በዚያ በኩል ታልፋለች። የመጀመሪያውን ዙር ስታልፍ ፈገግ አለች። ሁለተኛውንም። በሦስተኛው ውኃና ቴምር ሰጠኋት፤ በአራተኛው ከንፈሯ ነጥቶ ነበር። ልጆቹ «ማማ! ማማ!» እያሉ ይጮኻሉ። ባባ ከሆቴሉ ካፌ አልወጣም።

በአምስተኛው ቀረች። ሰው አለፈ፣ ሌላ ሰው አለፈ፣ በዱላ የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ እንኳ አለፉ። ልጆቹን ይዤ ወደመጣችበት አቅጣጫ ትንሽ ራመድ ስል አየኋት። ከፈረሶቹ ማዶ የአበባ መደብ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ እናቶች የሕፃን ጋሪ ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። እሷ ሩጫውን ትታ ጋሪዎቹን ታያለች።

ጋሽ ተፈራ ቦርሳ ተሸክመው አጠገቤ ነበሩ። የሙናንና የሐመድን እጅ አምጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

«ባባ ካየ?» አሉኝ።

«ይይ።»

«ከሥራ ቢያባርርሽስ?»

«ጋሼ፣ ልጆቹን ብቻ ይያዙልኝ።»

አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። «ኸላስ ወይን፤ አልችልም» አለች።  ከዚያ ጋሪዎቹን እያየች «አሁን ዓመት ይሆነው ነበር» አለች። በዓመት ውስጥ ስለ ልጁ ስትናገር የሰማኋት ያኔ ነው።

ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። አገሬ ቢሆን ለቅሶ ቤት የሚባለው ይታወቃል። የማውቀውን ነገርኳት። «ልብሶቹን አጥፌ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ባባ ከመቆለፉ በፊት። ሁሉንም አጥቤ፣ ተኩሼ። ነጯን ቆብ ከላይ አድርጌያታለሁ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለችና አለቀሰች፤ እንደ ሰው፣ በድምፅ። እኔም አለቀስኩ። የፓርኩ ሙዚቃ አላቋረጠም፤ ፈረሶቹም ይዞራሉ። ሲበቃት ሲበቃኝ ተነሳሁና እጇን ሳብኩ። «ቁሚ!» አልኳት። በዓረብኛ ተነሺ ማለት ነው፤ በኛ ቋንቋ ግን ቁሚ የሚባለው የሚሄድ ሰው እንዲቆም ነው። ከዚያ ማዶ ጋሽ ተፈራ በአማርኛው ሰምተውት ኖሮ «ኧረ ተይ፣ አታስቁሚያት!» ብለው ሲጮኹ፣ በዚያ መሐል ሳቅ አመለጠኝ።

ሰባት ኪሎ ሜትር ቀርቷት ነበር። በሥራ ልብሴ፣ በዚያ ጠፍጣፋ ጫማ አብሬያት ሮጥኩ፤ መሮጥም አይባል። ባሕሩ ዳር አንድ አስተናባሪ አስቆመን። «እሷ ቁጥር የላትም፤ ከመንገዱ ትውጣ።»

ማዳም ሳትቆም «አሰልጣኜ ናት!» አለችው። ሰውዬው ልብሴን አየ፣ ጫማዬን አየ፣ አሳለፈን።

መጨረሻው መስመር ሃያ እርምጃ ሲቀረው ከገመዱ ውጭ ወጣሁና ብቻዋን ለቀቅኳት። ባባ እዚያ ቆሟል፤ ጋሽ ተፈራ ልጆቹን ይዘው ከኋላው። ሚስቱን ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ልጆቹን፣ ሾፌሩን፣ እንደገና እኔን አየ።  ቤት ስንገባ «ይህች ልጅ ትሄዳለች» ሲል በግድግዳው በኩል ሰማሁት። የማዳም ድምፅ ደግሞ፣ ያን ያህል ከፍ ብሎ ሰምቼው የማላውቀው፣ «እሷ ከሄደች እኔም ቤተሰቦቼ ጋ እሄዳለሁ» አለ። ሻንጣዬን አልጋው ላይ አውጥቼ አምስት ቀን ጠበቅኩ። የጠራኝ የለም።

ሐሙስ ማታ ራት ካነሳሁ በኋላ ማዳም እግሯን እየጎተተች ወጥ ቤት መጣች። ጥፍሮቿ ጠቁረው ነበር። «ነገ ጁምዓ ነው። ስንት ሰዓት ትወጫለሽ?» አለችኝ።

በማግሥቱ ጋሽ ተፈራ አደረሱኝ። ነጠላዬን ተከናንቤ ከሴቶቹ መሐል ስቆም የቅዳሴው ተሰጥኦ ጠፍቶኝ ነበር። አጠገቤ የነበረች አንዲት የማላውቃት ሴት ድምፅዋን ከፍ እያደረገች መለሰችልኝ፤ እሷን ተከትዬ ያዝኩት። ሁለት ዓመት ተጨማሪ ሠራሁ፤ አንድም ጁምዓ አልቀረብኝም። ከዚያ እነሱ ዮርዳኖስ፣ አማን ገቡ፣ እኔም አገሬ ገባሁ፤ ተጠፋፋን።

ሜሮን ይህን ሁሉ ሰምታ ስትጨርስ የጠበቅኩትን አላለችም። «እማዬ፣ የዕረፍት ቀን እኮ መብትሽ ነው። ለምን ሽልማት ሆኖ ይሰጥሻል?» ብላ ተቆጣች። ልክ ናት። በሃያ አራት ዓመቴ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነግረኝም የምለው አላውቅም ነበር። ማዳም ወለሉን ያየችበትን ያንን ቀን ዛሬም አልረሳሁባትም። ግን አሁን እኔ ያኔ ማዳም ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ፤ ሰው በራሱ ቤት ውስጥ እንዴት ፈሪ እንደሚሆን፣ ያንን ፍርሃት ደግሞ አንድ ቀን ጥሎ መነሳት ምን እንደሚጠይቅ ትንሽ ይገባኛል። ለልጄ «ልክ ነሽ» አልኳት። ያልነገርኳት ነገር ቢኖር፣ በዕድሜዬ ብዙ ሰው ከጎኔ ሄዷል፤ እንደዚያች ሴት ግን እርምጃዬን የጠበቀ፣ እኔም እርምጃዋን የጠበቅኩላት ሰው ጥቂት ነው። ትሙት ትኑር አላውቅም። የት እንዳለች ባውቅ ግን ደውዬ የምላት አለኝ፤ ልጅሽ ዘንድሮ ሃያ ሁለት ይሆነው ነበር።