የአክስቴ ዙረት

እኛ ሰፈር «ዙረት» የስድብ ያህል ነው። ቤቷ የማትቀመጥ ሴት ዙረታም ትባላለች፤ ሥራ ፈት ጎረምሳም «ዙረቱን ተው» ይባላል። አክስቴ ግን ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው፣ ጃንጥላቸውን ያነሱና «ዙረቴ ደረሰ» ብለው ይወጡ ነበር። እናቴ «ምን ያዞራቸዋል፣ በዚህ ዝናብ!» እያለች ትበሳጫለች።

የት እንደሚሄዱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ተተክሎ ሰው ሲሞላ ብዙም አይቀመጡም። ድንኳኑ ተነስቶ ሰው ሲበተን ግን፣ ብቻውን የቀረውን ሐዘንተኛ የመጠየቁ የሳቸው ተራ ይጀምራል። አንዴ ለዚሁ ብለው የቡ ከተማ ድረስ በሚኒባስ ሄደዋል። «ምን እግር ጣለዎት?» ሲሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «እንዲያው ስዞር።»

አክስቴ ባለፈው ሳምንት አረፉ። ድንኳናቸው ትናንት ተነሳ። ዛሬ ከሰዓት ቤታቸው አላስቀምጥ አለኝ። ቁጭ እላለሁ፣ እነሳለሁ፤ ወንበሩን አስተካክዬ መልሼ አበላሻለሁ፤ በር በሩን አያለሁ። ማንም አልመጣም። ጃንጥላቸውን ይዤ ወጣሁ። ዝም ብዬ ስሄድ ባለፈው ወር ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ደጅ ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? እንዲያው ስዞር ነው።»

ጃንጥላውን ትክ ብለው አዩት።

«ኮቱ፣ ነይ ግቢ ልጄ» አሉኝ ኦሮምኛውን ከአማርኛ ቀላቅለው። «በዚህ ሰዓት በሩን ልዝጋ ስል እጄ እንቢ ይለኛል።»