ውሃ ያጠበው የዝገት መድኃኒት

የመጀመሪያ ሥራዬ ቦሌ ውስጥ የሚገነባ አንድ መኖሪያ ቤት ነበር። ባለቤቱ ከወሎ መጥተው ዕድሜያቸውን ጨርቅ በመነገድ ያሳለፉ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። የቧንቧ ውሃ ስለሚጠፋ ኮንክሪቱን የምናቦካው በግቢው ጉድጓድ ውሃ ነበር። ውሃው ሲመረመር ጥቂት ጨው ተገኘበት። ጨው ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረን ብረት ያዝጋል። አማካሪው መሐንዲስ ለጥንቃቄ ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ እንዲቀላቀል አዘዘ።

ፈሳሹን ለክቼ ማቡኪያው ውስጥ ስጨምር ሐጂ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው ሐጂ። ብረቱ እንዳይዝግ።»

«እስከ መቼ ይጠብቀዋል?»

አላውቅም ነበር። ነገር ግን ሠራተኞቹ ይሰማሉ፤ እኔ ደግሞ ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ፣ ግቢው ውስጥ ብቸኛዋ ሴት መሐንዲስ ነኝ። «ቤቱ እስካለ ድረስ» አልኳቸው።

ዓመታት አለፉ። ለሚ ኩራ ሌላ ግንባታ ላይ ሳለሁ ሴት ልጃቸው ደወለችልኝ። «ከበረንዳው ጣሪያ ኮንክሪት ተገምሶ ወደቀ። ልብስ የምናሰጣበት ቦታ ላይ ነው። ማንም አልተጎዳም፤ ግን እባክሽ ነይ።»

ሄድኩ። ከበረንዳው በላይ፣ አንደኛ ፎቅ ሰገነት ላይ የውሃ ታንከር ተቀምጧል። በሞላ ቁጥር እየፈሰሰ ወለሉን ያረጥበዋል፤ ከዚያም በቀጭን ስንጥቅ ወደ ታች ይንጠባጠባል። ከሥር ነጭ የኖራ ክር ተንጠልጥሏል። በወደቀው ቦታ የታየው ብረት በእጄ ስነካው እንደ ቅርፊት ተላጠ።

ከደረቁም ከረጠበውም በኩል ናሙና ቆርጬ ጉርድ ሾላ ወዳለ ላቦራቶሪ ወሰድኩ። ባለሙያዋ ፈጭታ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችውና ከቀናት በኋላ ጠራችኝ። «በደረቁ በኩል መከላከያው አለ። በእርጥቡ በኩል ግን የለም ማለት ይቻላል» አለችኝ። ኮንክሪት ከደረቀም በኋላ ውስጡ ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። መድኃኒቱ የሚኖረው እዚያ ባለው እርጥበት ውስጥ ሟሙቶ ነው፤ በአንድ ቦታ ሳያቋርጥ የሚያልፍ ውሃ ቀስ በቀስ አጥቦ ይወስደዋል። ይህን ያን ጊዜ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ለሐጂ የምነግራቸው ሌላ ነበር።

ውጤቱን ይዤ ወደ ቤቱ ስመለስ ሐጂ ታመው ተኝተዋል። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሐጂ፣ ያን ጊዜ የነገርኩዎት ስህተት ነው። መድኃኒቱን ውሃው አጥቦታል። ሳላውቅ ነው ቤቱ እስካለ ያልኩዎት።»

ትንፋሻቸው ከባድ ነበር።

«እኔም እኮ እሰማው ነበር» አሉ። «ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት ስነሳ ጠብ ጠብ ይላል። ልጄ እናሠራው ስትለኝ፣ መድኃኒት አለው፣ ተዪው አልኳት።»

ስህተቴ የኮንክሪት ብቻ አልነበረም፤ ሰውየው የሚሰሙትን ውሃ እንዲንቁ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቼን ያዙ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ። መጥተሽ ነገርሽኝ፤ ብዙ ሰው አይመጣም።»

የታንከሩን መፍሰስ አስቆምን። ጣሪያውን ከሥር በድጋፍ ምሰሶዎች ደግፈን የላላውን ኮንክሪት ማንሳት፣ የዛገውን ብረት ቆርጦ በአዲስ መተካት ጀመርን። ጥገናው ገና ግማሽ ላይ እያለ ሐጂ አረፉ። ሠራተኞቹ መዶሻቸውን አስቀመጡ፤ ማንም አላዘዛቸውም።

ቀብራቸው በዚያው ቀን ነበር። ለቀስተኛው ከመምጣቱ በፊት ልጃቸው ዓይኗ አብጦ ወደ እኔ መጣች። «ዝናብ ሊመጣ ነው። ሰው በረንዳው ሥር ቢቀመጥስ?»

ድጋፎቹን አንድ በአንድ እየነካሁ ዞርኩ። ሊይዙ ይችሉ ነበር፤ ምናልባት። «አይሆንም» አልኳት። «እርግጠኛ አይደለሁም።»

ምንጣፎቹን ጠቅልላ ወደ ግቢው ማዶ ተሸከመች፤ ሌላኛውን ጫፍ እኔ ያዝኩ። ከጎረቤት ሸራ ተውሰን ከአጥሩ ጋር አሰርን። ሴቶቹ ሲመጡ ከመካከላቸው ተቀመጥኩ፤ ማን እንደሆንኩ የጠየቀኝ አልነበረም። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ እዚያው ቆየሁ።