መጀመሪያ በርበሬው

ያንን የጀርባ ቦርሳ ከሀይሌ ጋርመንት ሰልባጅ ተራ የገዛሁ ቀን፣ በስልኬ የማያቸውን ፈረንጆች የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ቦርሳ፣ ርካሽ አልጋ፣ ማንም የማያውቀኝ ከተማ። ከመሥሪያ ቤት አጭር ፈቃድ ወስጄ አርባ ምንጭ ልወርድ፣ ከፍ ካለ ቦታ ብቻዬን ተቀምጬ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ቁልቁል ልመለከት። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

ለእናቴ ባልነግራት ኖሮ ይሳካልኝ ነበር። እኛ ሰፈር፣ መካኒሳ አቦ፣ መንገደኛ ባዶ እጁን ሲሄድ ማየት የሚችል ሰው የለም። በመሄጃዬ ዋዜማ፣ ወንድ ልጃቸው አርባ ምንጭ መንገድ ሥራ ላይ ያለ ጎረቤታችን በርበሬ፣ ሽሮና አንድ ወፍራም ጋቢ ይዘው መጡ።

«ከእጅሽ ወደ እጁ፣ አደራ» አሉኝ።

እናቴ ቦርሳዬን ፈታ ሹራቤንና መጽሐፌን አወጣች። «ይሄ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?» አለች፣ ጋቢውን በጉልበቷ እየጠቀጠቀች። አርባ ምንጭ በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሶ የሚዞር ሰው ማየት እፈልጋለሁ።

በርበሬው እንዳይፈስ ብዬ ቦርሳውን ቀኑን ሙሉ ታቅፌ ሄድኩ። ስደርስ መሽቷል፤ ሐይቅ የሚባል አልታየኝም። የያዝኩት አልጋ ርካሽነቱ እውነት ነው። በሩ ቁልፍ የለውም፤ ከውስጥ በተጣመመ ሚስማር ይያዛል፣ ከውጭ ግን ለማንም ክፍት ነው። የሰው አደራ እዚያ ጥዬ የት እሄዳለሁ?

ጠዋት ለልጅየው ደወልኩ። «እየመጣሁ ነው፣ እዚያው ጠብቂኝ» አለኝ። ከሰዓት ስደውል መንገድ ላይ ነበር። በማግስቱም መንገድ ላይ ነበር። ቦርሳውን ተሸክሜ ልውጣ እላለሁ፣ ደግሞ መጥቶ ቢያጣኝስ ብዬ እቀመጣለሁ። ክፍሉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ አስነጥሳለሁ፣ እናደዳለሁ። እናቴ ስትደውል «ደህና ነሽ?» እንኳ አላለችኝም።

«ሰጠሽው?» አለች።

ልጅየው የመጣው ልመለስ ባልኩበት ዋዜማ፣ ጨለማ ሲይዝ ነው። «ይቅርታ እህቴ፣ ሥራው አላስወጣ አለኝ» አለ፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ልቆጣው አስቤ ነበር፣ አቃተኝ። አደራውን ተረክቦ ትልቅ የሙዝ ዘለላ አስታቀፈኝ፤ ለእናቱ።

አንድ ተስፋ ቀርቶኝ ነበር፤ አውቶቡሱ ሲመለስ በአባያ ዳር ያልፋል። በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ለምኜ ያዝኩ። ቀላ ያለው ውሃ ከዛፎቹ መሃል ብቅ ሲል፣ ሙዙን ጭኔ ላይ አስተካክዬ ወደ መስታወቱ ተጠጋሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ በላዬ እጃቸውን ዘርግተው መጋረጃውን ሳቡት።

«ፀሐዩ ዓይኔን አጠፋኝ፣ ልጄ» አሉ።

የአባቴ እኩያ ናቸው። ምን እላለሁ? እስከ ሶዶ ድረስ የመጋረጃውን አበባ ሳይ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ ጎረቤታችን ሙዙን ተቀብለው መረቁኝ፤ ልጃቸው ከስቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀጥለው «ሐይቁስ እንዴት ነው?» አሉ።

«ያምራል፣ እትዬ» አልኳቸው።

እናቴ ቦርሳውን አራግፋ ውስጡን በእጇ ለካችው። «ጥሩ ቦርሳ ነው፣ ብዙ ይይዛል» አለች። «አክስትሽም ጎንደር ላለችው ልጇ የምትልከው ነበራት።»

ክፍሌ ገብቼ በሩን ቆለፍኩና አለቀስኩ።