ኦቦ ቶለራ ጊምቢ የላኳቸው ሰዎች

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው፤ ነቀምቴ ላይ ጭጋጉ በመስኮት ገብቶ ከሰው ጋር የሚቀመጥ በሚመስልበት ሰሞን። ለቅሶ ቤት በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እኔ የአንገር ጉቲን ከተማ ልጅ ነኝ፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እናገራለሁ። ነቀምቴ ፀጉር ቤት እሠራለሁ። የምኖረው ከኦቦ ቶለራና ከባለቤታቸው ከአዴ ሌሊሴ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። የእነሱን ሳሎንና የእኔን ክፍል የሚለየው ስስ ግድግዳ ነው።

አዴ ሌሊሴ ያደጉት ጉቴ፣ ገጠር ስለሆነ አማርኛ እምብዛም አይገባቸውም። ግን እሑድ አመሻሽ ላይ የሚተላለፈው የአማርኛ ድራማ አንድም ቀን አያልፋቸውም ነበር። «ማል ጄዴ?» ይላሉ፤ ምን አለ ማለታቸው ነው። ኦቦ ቶለራ ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ ይተረጉሙላቸዋል። እኔ ቃሉን ሳልለይ ድምፃቸውን ብቻ እየሰማሁ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ሸለብ ያደርገኝ ነበር። እንደዚያ የጣፈጠ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ድራማው የአንድ ሬሳ ሣጥን ሠሪ ታሪክ ነው። ገበያ ሲጠፋበት ደንበኞቹን ራሱ እየገደለ ያመጣል፤ ግድያው አይታይም፣ በወሬ ነው የሚሰማው፤ ቀብር ላይ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያለቅሰው እሱ! እኛ ፀጉር ቤት በድጋሚ ሲታይ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የገባችው ሴትዮ ሳትቀር በሳቅ ትፈርሳለች።

የመጨረሻው ክፍል ሊታይ ሲል ኦቦ ቶለራ በድንገት ዐረፉ። አዴ ሌሊሴ አላለቀሱም። ቀብር ላይም፣ ለቀስተኛው ሲዘምርም፣ ዐይናቸው እንደደረቀ ነበር። ጎረቤቶቹ «ይሄ ነገር እሷንም ይወስዳታል» እያሉ ይንሾካሾካሉ። እኔም ፈራሁ። እንደ እናቴ ነበር የማያቸው።

እሑድ ለቀስተኛው ሲበተን አብሬያቸው ቀረሁ። ሐዘን ቤት ስለሆነ ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፍኗል። ድንገት ተነሡና ነጠላውን ገፈው ከፈቱት። ኧረ ሰው ምን ይላል ልላቸው ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። «ኢንተላ ኮ፣ ዛሬ አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ጀመርኩ። ፖሊሶች የአንድ ፀጉር አስተካካይ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ አወጡ።

«እሱ ጊምቢ ልጁ ጋ አይደል እንዴ? ምን አድርጎ ነው የሚፈልጉት?» አሉ በኦሮምኛ።

ግራ ገባኝ። ሰውዬው እኮ በመጀመሪያው ክፍል ታንቆ ሞቷል! የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ፎቶ ሲመጣ «እሷም ጊምቢ ነች፤ አግብታ» አሉ። ሽማግሌው ነጋዴም ጊምቢ፣ ለሕክምና።

ያኔ ገባኝ። ኦቦ ቶለራ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሚስታቸው እንዳይሳቀቁ ብለው በዚያ ሁሉ ሳምንት አንድም ሰው አልገደሉም። የሞተውን ሁሉ ጊምቢ ልከውታል።

እኔም ልዋሽ ሞከርኩ። «ለምስክርነት ፈልገውት ነው» አልኩ። ግን ፖሊሶቹ መቃብር መቆፈር ጀመሩ። ሣጥኖቹ ተራ በተራ ወጡ። አሁን ምን ልበል? ባሏን ትናንት ለቀበረች ሴት ሞት ላርዳ? ወይስ የባሏን ውሸት ልቀጥል? በሕልም ሲያባርሩን እግራችን እንደሚተሳሰረው ምላሴ ተሳሰረ።

«ሞተዋል፣ አዴ» አልኩ በመጨረሻ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ድሮ ነው የሞቱት።»

ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱልኝ ብዬ ስጠጋ ለካ እየሳቁ ነው! «ይሄ ሰውዬ! ጊምቢ ስንሄድ ቤታቸውን አሳየኝ ብዬው እሺ ብሎኝ ነበር እኮ!» እያሉ ጭናቸውን ይመታሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ገዳዩ ከፖሊስ ሲሸሽ ራሱ የሠራው ሣጥን ውስጥ ገብቶ ተደብቆ፣ ሰዎች ሳያውቁ ተሸክመው ሊቀብሩት ይወስዱታል። ለእሱ ማን ዐይን አለው!

ሳቃቸው መሃል ላይ ተቆረጠ። ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«ባሌንስ የት ሄደ ልትይኝ ነው?»

አቀፍኳቸው። ያን ጊዜ እንባቸው መጣ፤ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ድረስ ጮኸው አለቀሱ። በሰው ለቅሶ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ደህና ናቸው። ሌላ ድራማ ጀምረናል፤ የምተረጉመውም እኔ ነኝ። የሞተውን ሞተ እላለሁ፤ እሳቸውም እንደዚያ ነው የሚፈልጉት። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ በአዴ ሌሊሴ እቀናለሁ። እንደዚያ ተጨንቆ የሚዋሸኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።