ትራክተሬን የበላው ዲግሪ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ያለፈው ቆላው አብደራፊ፣ አንድ አሮጌ ትራክተር ፓራፋንጎ፣ የጎማው መከለያ ላይ ተንጠልጥዬ ነው። ረዳት ነበርሁ። ረዳት ናፍጣ ይሞላል፣ ግራሶ ይቀባል፣ የማረሻው ዲስክ ላይ የተጠመጠመውን ሣር ይነቅላል፣ ይሰደባል። ሲመሽ ነጂው ኦፕሬተር የታረሰውን በእርምጃ ለክቼ እንድነግረው አዘዘኝ። ዘጠኝ ሄክታር ነው አልሁት። ዐሥር ነው አለኝ። የተሳሳትሁ መስሎኝ እንደገና ልለካ ስነሣ በጥፊ ሊለኝ ምንም አልቀረውም።

በኋላ ገባኝ። ኦፕሬተር የሚከፈለው ባረሰው ሄክታር ልክ ነው። የቆላ እርሻ ደግሞ ጫፉ በዓይን አይታይም። ባለመሬቱ ይመጣል፣ አንድ ዙር ይዞራል፣ አቧራውን ይውጣል፣ «ይሁን» ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ዘጠኙን ሁሉም ዐሥር ይለዋል። እኔም ኦፕሬተር ስሆን እንደ ደንቡ ዐሥር አልሁ። ኅሊናዬ ቆርቁሮኝ አያውቅም፤ እንቅልፌንም ለጥ ብዬ ነው የምተኛው።

እያረስሁ፣ እያጠራቀምሁ፣ የራሴን ትራክተር ገዛሁ። ያገለገለች ናት፤ ክረምት ላይ ለመነሣት ታኮርፋለች። ግን የራሴ ነበረች። ሰው «ባለ ትራክተሩ ፈንቴ» ይለኝ ጀመር። አንገቴ ትንሽ ረዘመ፤ አልዋሽም።

ከዚያ ልጄ ማስረሻ ዐሥራ ሁለተኛን ጨረሰ። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣለትም። እናቱ ልጄ እንዳንተ ግራሶ ለብሶ አይኖርም አለች። እኔም ከእሷ አልተሻልሁም። ክራቫት አስሮ ቢሮ ሲቀመጥ ታየኝና ጎንደር የግል ኮሌጅ አስገባሁት፤ አካውንቲንግ።

የመጀመሪያውን ዓመት ትራክተሯ ከፈለች። ሁለተኛውን ከሐጂ ኑሩ ተበደርሁ። ሐጂ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘንም፣ ሰፊ እርሻም አላቸው። በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ቀረ፣ ዕዳው ግን አልቀረም። ትራክተሯን ለሐጂ ሸጥሁላቸው። ብድራቸውን ቀንሰው የተረፈውን ሰጡኝ፤ ያም ገንዘብ ለኮሌጁ ሄደ። በማግሥቱ በዚያችው ትራክተር ላይ ኦፕሬተር አድርገው ቀጠሩኝ። የመጨረሻውን ዓመት ክፍያ ደግሞ በሄክታር ክፍያዬ ዋስትና አበደሩኝ።

ማስረሻ ተመረቀ፣ የመውጫ ፈተናውንም አለፈ። በግ አረድን። ከዚያ መተማ ዮሐንስ ዘመድ ቤት ተቀምጦ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ ዓመት ሞላው። አመልክቶ ያልጠበቀው ቦታ የለም። በመጨረሻ ማን ቀጠረው? ሐጂ ኑሩ። የእርሻቸው ወኪል አደረጉት። ወኪል ማለት ሠራተኛውን የሚቆጣጠር፣ ዘርና ናፍጣ የሚያወጣ፣ የታረሰውን የሚለካ ነው። ደመወዙ ከእኔ ገቢ ያንሳል። አለቃዬ ግን እሱ ሆነ።

ሰሊጥ በሚዘራበት ሰሞን አንዱን ማሳ ጨርሼ አርባ ሄክታር ነው አልሁ። ማስረሻ ቦቲ ጫማውን አጥልቆ፣ ስልኩን ይዞ ዙሪያውን በእግሩ ዞረ። ስልኩ ሰው የረገጠውን ዙሪያ እየተከተለ መሬት ይለካል። ላቡን እየጠረገ መጣ።

«አባባ፣ ሠላሳ ስድስት ነው የሚወጣው። አራቱን የት አረሱት?»

ስልክህ ተበላሽቷል አልሁት። ሁለት ጊዜ ዞሬያለሁ አለኝ። ራቅ አድርጌ ወሰድሁትና እንደ አባት ነገርሁት። ሐጂ ይህን ካወቁ ያባርሩኛል፤ መሪ የሚለምን ጎረምሳ ኦፕሬተር መንደሩን ሞልቶታል፤ ያንተ የመጨረሻ ዓመት ዕዳ ገና አላለቀም፤ እኔ ከወረድሁ ቤታችን ምን ይበላል? አርባ ብለህ ጻፍ አልሁት።

«አርባ ብዬ ከጻፍሁ ዘሩ ለአርባ ይወጣል። የተረፈው ዘር ሲገኝ ሌባው እኔ ነኝ» አለኝ።

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይህ ነው። ትራክተሬን ሸጬ ያስተማርሁት ሐቀኛ እንዲሆን አልነበረም፤ ቢሮ እንዲቀመጥ ነበር። ይህንኑ ነገርሁት። ስልኩን ኪሱ ከትቶ መዝገቡ ላይ ጻፈ።

ሐጂ መጋዘን ገብተን ቆምን። ማስረሻ ሠላሳ ስድስት ብሎ አነበበ። እኔ ቀድሜ የነገርኋቸው አርባ ብዬ ነበር። ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ከዚያ ሐጂ ሳቁ። «አንተ ፈንቴ፣ ከዐሥሩ አንዱ ውሸት መሆኑን እኔ ጥንትም አውቀዋለሁ። ለዚህ እኮ ነው የሄክታሩን ዋጋ ስቆርጥ ቀንሼ የምቆርጠው» አሉኝ።

ዕድሜ ልኬን ሰው ያታለልሁ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ለካስ የተታለለው ሌላ ነው። ተናደድሁ፤ ግን በማን ልናደድ?

ማስረሻ አንገቱን ደፍቶ፣ በትሕትና፣ «እንግዲያው ሐጂ፣ ልኩ እውነት ከሆነ ዋጋውም እውነት ይሁን» አላቸው። የሐጂ ሳቅ ደረቀ። ልጁ ወረቀት አወጣና የተቀነሰውን እያሰላ አሳያቸው። ይኸን ያህል አልቀነስሁም አሉት፤ ያለፈውን ዓመት ሒሳብ በእጃቸው ጽሑፍ አመጣላቸው። ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው የዐስር ሶላት እስኪደርስ ተከራከሩ። ሐጂ ለሶላት ሲነሡ ዋጋው ጨምሮ ነበር፤ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለኦፕሬተሩ ሁሉ።

ሄክታሩ ቀንሶ ዋጋው ስለ ጨመረ፣ ወሩ ሲያልቅ የደረሰኝ ገንዘብ ከበፊቱ ጋር እኩል ነው። ብር አልጨመረም። የሠራሁትን ሠላሳ ስድስት ብዬ ጮክ ብዬ መናገር ግን ቻልሁ። በልጄ ኮርቼ ነበር፤ እሱ እንዳይጠግብብኝ አልነገርሁትም።

ዛሬ ጎረምሶቹ ኦፕሬተሮች ልጅ ኮሌጅ ማስገባት ያዋጣል ወይ ይሉኛል። ያዋጣል እላቸዋለሁ። ሐጂን ጠይቋቸው። በአንድ ዲግሪ ትራክተሬን አገኙ፣ እኔን አገኙ፣ ልጄን አገኙ። የከፈልሁት እኔ ነኝ። ልጅህን አስተምር፤ የምትበላበትን ግን አትሽጥ።