ራቤል የተገኘችው በቅሎ

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ስልካቸው ላይ ያጎነበሱትን ወጣቶች እያዩ፣ «ይሄ ፌስቡክ የሚሉት ሰዉን ሁሉ ሥራ አስፈታው» ብለው አማረሩ። አልተከራከርኳቸውም። በልጅነቴ የእኔም ንግግር ይኸው ነበር።

ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ደብረ ብርሃን ይማር ነበር። ለእረፍት ሲመጣ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤታችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ይወጣና አይወርድም። የማያውቁትን ሰው በስልክ ማዋራት ለእኔ ሥራ ፈትነት ነበር።

አባታችን ቄስ ነበሩ። አንዱ ቅርብ፣ አንዱ ከገደሉ ማዶ ያሉ ሁለት አብያተ ክርስቲያናትን ያገለግላሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ያለ በቅሎ ገደሉን አይሻገሩትም። ግንባሯ ነጭ ስለሆነ በቅሎዋን ቦራ እንላታለን። መስከረም ላይ፣ የገብስ እሸት እየጠበስን በምንበላበት ሰሞን፣ ቦራ ከመስክ ጠፋች። ፈለግን፣ ገበያ ለገበያ አስነገርን፤ የለችም። ከማዶ ሌላ ቄስ አልነበረምና ቅዳሴው ተቋረጠ። አባባ ከደጅ ተቀምጠው ማዶ ማዶውን ማየት አበዙ።

«ፌስቡክ ላይ ላውጣት?» አለ ጌታሁን አንድ ቀን። ጥምቀት ለት አባባን በቦራ ላይ ያነሳበት ፎቶ ነበረው።

«በቅሎ ስልክ አላት እንዴ?» አልኩት።

አባባ ግን ጥቂት አሰቡና፣ «እኔን ቆርጠህ በቅሎዋን ብቻ ማውጣት ይቻላል?» ሲሉ ጠየቁት።

አወጣት። መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነበር። አንዱ «አግብታ ይሆናል» ብሎ ጻፈ። ተናደድኩ፤ «መሳቂያ አደረግኸን!» ብዬ ጮህኩበት። በማግስቱ ግን ጌታሁን ከጉብታው እየሮጠ ወረደ። ብርቅነሽ የምትባል የራቤል ከተማ ልጅ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «የግራ ጆሮዋ ጫፍ ቁርጥ ያለ ነው? እኛ ቤት ነው የተወለደችው። አባቴ ለነጋዴ ሸጧት ነበር፤ አሁን ራሷ መጥታ በረታችን ውስጥ ቆማለች።»

ጆሮው በፎቶው ላይ አይታይም ነበር። የግራ ጆሮዋ ግን እውነትም ቁርጥ ነበር።

አባባና እኔ በጭነት መኪና ተሳፍረን ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጉሙ ከመኪናው ፊት አልገለጥ ብሏል። ይህን ሁሉ መንገድ ብቻዋን ስትሄድ ማን አሳያት እያልኩ በየመታጠፊያው እገረም ነበር። ስንደርስ የብርቅነሽ አባት በቅቤ የራሰ የገብስ ቂጣ አቀረቡልን። ቦራ አባባን ስታይ መጥታ አፍንጫዋን ጋቢያቸው ውስጥ ወሸቀች።

«መምሬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አሉ ሽማግሌው። «እናቷ ባዝራዋ ይቺ ከእናንተ በጠፋችበት ሳምንት ነው የሞተችብን። ይቺ የመጣችው እናቷ በሞተች በሦስተኛው ቀን ነው።»

አባባ የቦራን ግንባር እየዳሰሱ «እግዜር ያውቃል» አሉ። ብርቅነሽና እኔ ተያየን። የሁለታችንም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ አባባ ገደሉን ተሻገሩ። እኔም ጌታሁንን ለምኜ ፌስቡክ አስከፈትኩት። መጀመሪያ የጻፍኩት፣ «በቅሎ የእናቷን ሞት ከሩቅ ታውቃለች?» የሚል ነበር። አንድ የእንስሳት ሐኪም በቅሎዎች የሄዱበትን መንገድ አይረሱም እንጂ ሌላው አጋጣሚ ነው አለኝ። አንዲት የመርሐቤቴ ሴትዮ ደግሞ የእሷም በቅሎ እንዲሁ እንዳደረገች ማለች። ሌላው ቀለደብኝ። እኔ ግን አንድም ቀን አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች ለጥያቄዬ ሲቆሙ ማየቱ ደነቀኝ፤ ያንን ቀን ሙሉ ከጉብታው አልወረድኩም።

እዚያ የሚጻፈው ሁሉ ደስ አይለኝም፤ አንዳንዱን ሳየው ስልኩን ዘግቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ግን አንድ ሰው የጠየቀውን ነገር ሳላነብ አላልፍም። ትናንት አንድ የቀየት ወረዳ ሰው በጎቹ ለምን እንደሚያነክሱ ጠየቀ። መልሱን አላውቀውም። የሚያውቅ ሰው ጠይቄ ግን ነገርኩት።