ለሰይድ የሰጠሁት ስድብ

ባለፈው ሳምንት እሁድ፣ ውጫሌ ሰርግ ላይ... ዳሱ ውስጥ ከስፒከሩ አጠገብ ቁጭ ብያለሁ። ፊት ለፊቴ ሰይድ ማይክ ይዞ ቆሟል። አጠገቡ ደግሞ ናቲ የሚባል የደሴ ልጅ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይወዛወዛል።

ሰይድ ማለት የኔ ሰይድ ነው። ከሃይስኩል ጀምሮ እኔ ግጥም እጽፋለሁ፣ እሱ ክራር እየመታ ይዘፍናል። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ያለ እኛ የተዳረ ጎረምሳ ጥቂት ነው።

ይሄን ሁሉ ያመጣብኝ አንድ ዘፈን ነው። አንድ የለንደን ራፐርና አንድ የአሜሪካ ራፐር አብረው የሠሩት። በጦርነቱ ጊዜ ኔትወርክ ስላልነበረን፣ ሌላው ዓለም ጠግቦ የተወው ዘፈን ለእኛ የደረሰን ከተፈናቀልንበት ስንመለስ በሚሞሪ ካርድ ነው። ከተማችን ሐይቅ አበደች። ዓሣ ቤቱ እሱ፣ ባጃጁ እሱ። ሰይድም ደሴ ሄዶ ናቲን አገኘና «እኔ እንደ ለንደኑ፣ አንተ እንደ አሜሪካው» ተባብለው ተከፋፈሉት። ለኔ የተረፈ አገር አልነበረም።

ቀናሁ። ማሽሞንሞን ምን ያደርጋል... በሚስት እንኳ እንዲህ አይቀናም። «ናቲ ምን አለ መሰለህ?» ብሎ ወሬ ሲጀምርልኝ ሻዬ እጄ ላይ ይቀዘቅዛል። እንዲያውም ጓዳ ገብቼ ራፕ ሞክሬ ነበር። እናቴ ሰምታ ምን ነካው ብላ ከእስጢፋኖስ የመጣ ጸበል ረጨችኝ።

ታዲያ ዳሱ ውስጥ ሁለቱ እየተቀባበሉ ራፕ ሲያደርጉ ሰዉ በጭብጨባ ሊሞት ደረሰ። ከዚያ ሰይድ ዘፈኑን ሰበር አድርጎ ወደ አምባሰል መለሰውና «እስቲ ግጥም ስጡኝ!» አለ። መቼም ታውቃላችሁ፣ ዘፋኝ የተሰጠውን መቀበል ግዴታው ነው። ቢሰደብም አሳምሮ ይዘፍነዋል እንጂ አይመልስም። ይቺን ነበር የምጠብቀው። ብድግ አልኩ።

«ተቀበል!»

«እሺ ጌታዬ!»

«አምባሰልን ትቶ ለንደን ያማረው፣
ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ጥም ያሳረረው።»

የሙሽራው አባት ጋሽ ይመር «ኧረ ጉድ!» ሲሉ ሰማኋቸው። ሰይድ አየኝ። ለማን እንደተወረወረ ገብቶታል። ማይኩን አስጠግቶ አንድ ቃል ሳያጎድል ተቀበለ... ቀስ ብሎ፣ እያባበለ። ሲደግመው ናቲ ከሥር ገብቶ «ጥም! ጥም!» እያለ ምቱን ያዘለት። ሲሰልሰው ዳሱ በሙሉ የኔን ስድብ ይዘፍናል! ጋሽ ይመር ከዘራቸውን ጥለው እስክስታ ወረዱ። ከሁሉ የሚያቃጥለው... የራሴም ትከሻ ከድቶኝ ነበር።

ሹልክ ብዬ ልወጣ ስል ሰይድ በር ላይ ያዘኝ።

«ለኔ ነው አይደል?»

«ለማንም አይደለም።»

«ወላሂ ለኔ ነው! ደግሞ ማማሩ! ስትወደኝ እንዲህ ያለ ግጥም ሰጥተኸኝ አታውቅም እኮ።»

ሳቄን ዋጥ አደረግኩና «ትተኸኝ ሄድክ» አልኩት በመጨረሻ።

«ተፈናቅለን አንድ ምንጣፍ ላይ አብሮኝ የተኛን ሰው ትቼ ወዴት ነው የምሄደው? አብሽር! ሐሙስ ደሴ ስቱዲዮ እንገባለን። አንተ ትጽፋለህ።»

«ናቲ ካለ አልመጣም።»

ሳቀ። «ናቲ ከሌለማ አትቀናም። ካልቀናህ ደግሞ ምን ትጽፍልኛለህ?»

ሐሙስ ሄድኩ። ናቲ ገና ከበር ሲያየኝ ሮጦ አቀፈኝ። «ወንድሜ፣ ያ ግጥምህ እንቅልፍ ነሳኝ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ሻይም አስመጣልኝ። ጥሩ ልጅ ሆኖ አረፈው!

የባሰ በገንኩና... ሁለት ዘፈን ጻፍኩ።